በነጭ ሣር ሜዳ እርጥብ ሣር ፍለጋ

ባለፈው እሁድ ከአርባ ምንጭ ሲቀላ ገበያ ሙዝና የሽፈራው ቅጠል ይዤ ስመለስ ሦስት ወጣቶች ሳይክላቸውን አቁመው ጠሩኝ። ራሳቸው ላይ ሄልሜት፣ ዓይናቸው ላይ ጥቁር መነጽር፣ ከታች ገላ ላይ የተለጠፈ ቁምጣ። ከአዲስ አበባ መምጣታቸው ያስታውቃል። አንደኛው «አባባ፣ ወደ ነጭ ሣር ሜዳ በሳይክል ያስኬዳል?» አለኝ። አባባ መባሉን ገና አልለመድኩትም፤ ሽበቴ ከዕድሜዬ የቀደመ ሰው ነኝ። ቢሆንም ዋጥ አደረግኩትና ያስኬዳል፣ ግን ደመና ካያችሁ ጥቁሩ አፈር ሳይርስ ተመለሱ አልኳቸው። አመስግነውኝ ቁልቁለቱን ተያያዙት። እኔ ፌስታሌን እንዳንጠለጠልኩ መንገድ ዳር ቆሜ ቀረሁ፤ ሻጮቹ ምን ነካው ሳይሉኝ አይቀሩም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። እኔና ጓደኛዬ ማቴዎስ ሃያን ገና አለፍ ብለን ነበር። የማቴዎስ አባት ከጨንቻ ወርደው ሲቀላ ላይ የሚኖሩ ሸማኔ ነበሩ፤ የእኔ አባት ደግሞ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ መምህር። ለሁለት ዓመት ብሎ መጥቶ እኔንም እህቶቼንም ሽበቱንም እዚሁ አፈራ። እንዲያም ሆኖ ቤታችን ውስጥ «አገራችን ስንገባ» ሳይባል የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም። አልጋ እንኳ ሲገዛ ተፈታትቶ መኪና ላይ ለመጫን የሚመቸው ይመረጥ ነበር። እኔ ያን አገር ያየሁት ለአንድ ክረምት ነው። የማስታውሰው ብርዱንና አክስቶቼ በአነጋገሬ መሳቃቸውን ነው።

በዚያ ዓመት አንድ አስጎብኚ ከአዲስ አበባ መጣና ፈረንጆች በሳይክል ሊያመጣ እንዳሰበ ነገረን። መንገዱን ሞክረን የሚሆነውን ካሳየነው መሪዎቹ እኛ እንሆናለን። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበረንም። ምርጫው ሁለት ነው። አባያንና ጫሞን ከሚለየው የእግዜር ድልድይ ከተባለው ኮረብታ ላይ ከወጡ በኋላ፣ ወይ ኮረብታ ለኮረብታ በድንጋዩ መንገድ ሁለቱን ሐይቆች እያዩ መሄድ ነው፣ ወይ ደግሞ ወደ ሜዳው መውረድ። እኔ ኮረብታውን እላለሁ፣ ማቴዎስ ሜዳውን። ፈረንጅ የሚመጣው የሜዳ አህያ ሊያይ ነው እንጂ ድንጋይ ሊቆጥር ነው ወይ እያለ ያፌዝብኛል።

መጋቢት ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። ከምንጮቹ ሥር ያለው ጫካ ገና ጭልም ያለ ነበር፤ ዝንጀሮዎች ከላይ ቅጠል ያራግፉብናል፣ መንገዱ የረጠበ ቅጠልና የበሰለ ሾላ ይሸታል። የማቴዎስ እናት ከበቆሎ ዱቄትና ከሽፈራው የተሠራ ኩርኩፋ በፌስታል ቋጥረውልን ነበር። የእኔ እናት ደግሞ እንዳይርባችሁ ብላ ጭኮ ጨምራበታለች። ለምሳ ያልነውን ገና የኩልፎን ወንዝ ሳንሻገር ግማሹን ጨረስነው።

ጠመንጃ ይዘው አብረውን እንዲሄዱ የተሰጡን የፓርኩ ጥበቃ ጋሽ ዘለቀ ይባላሉ። ወሬ የሚወዱ፣ ሲያጉረመርሙ የማይደክማቸው የጋሞ ሽማግሌ ነበሩ። ዳገቱን በእግራቸው ይወጣሉ፣ ቁልቁለት ሲመጣ ማቴዎስ ኋላ ይፈናጠጣሉ፤ ይህን ዕቃ የሠራ ሰው መቀመጫ የለውም ወይ እያሉ ይራገማሉ። ከኮረብታው ላይ ስንደርስ በአማሮ ተራሮች አናት ላይ ጠቆር ያለ ደመና አየሁና አሳየኋቸው። ጉልበታቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ ሊዘንብ ሲል ቀድሞ የሚነግራቸው እሱ መሆኑንና ዛሬ ምንም እንዳላላቸው አስረዱን። ማቴዎስ ይህን ሲሰማ ሳይክሉን ወደ ሜዳው አዞረ። እኔም ተከተልኩት።

ሜዳው እንዴት ያምር እንደነበር አሁንም ስናገር ቃል ያጥረኛል። ሣሩ እስከ ፔዳላችን ደርሶ ነጭ ሆኖ ደርቋል፣ ነፋስ ሲያልፍበት ይንሾካሾካል። የሜዳ አህዮች አንገታቸውን ቀና አድርገው ሲያዩን ቆዩና ዞር ብለው ግጦሻቸውን ቀጠሉ። እንደ ሰው የናቁን መሰለኝ። ማቴዎስ መሪውን ለቆ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይነዳ ነበር። ከዚያ በኋላ በኖርኩት ዕድሜ እንደዚያ ቀለል ያለኝ ቀን ብዙ አይደለም።

ዝናቡ የመጣው ከቀትር በኋላ ነው። ረጅም አልነበረም፤ ግን የሜዳው ጥቁር አፈር ረጅም ዝናብ አይፈልግም። ጎማውና ፓራፋንጎው መካከል ጭቃው ተጠቅጥቆ ሳይክሉ አልሽከረከር አለ። በእንጨት እንጠርጋለን፣ ሦስት እርምጃ ሄደን እንደገና እንቆማለን። በኋላ ተሸከምነው። ጫማዬ ላይ የተለጠፈው ጭቃ ከሳይክሉ የማይተናነስ መሰለኝ። ጋሽ ዘለቀ ስለ ጉልበታቸው አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ኮረብታውን ብንይዝ ኖሮ አልኩ። ደጋግሜ ሳልለው አልቀረሁም፤ ማቴዎስ ሳይክሉን ከትከሻው ወረወረው። «አንተ ምን አለብህ? ነገ ጠቅልለህ አገርህ ትገባለህ። እዚህ ጭቃ ውስጥ የምቀረው እኔ ነኝ» አለኝ።

ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ቤት ውስጥ ሲባል የኖረው ነገር ከእሱ አፍ ሲወጣ ሌላ ሆነብኝ። ሳይክሌን አንስቼ ብቻዬን ወደ ኮረብታው ዞርኩ። እሱ በሜዳው ዳር ሊዞር ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። ከዚያ ቀን በኋላ እንደማንነጋገር ያን ጊዜ እርግጠኛ ነበርኩ።

ጋሽ ዘለቀ ጠመንጃቸውን ሣሩ ላይ አጋድመው ወደ አንድ ቦይ ወረዱ። ለሽንት የሄዱ መስሎኝ ነበር። ለካ ያ ሁሉ ሜዳ ነጭና ደረቅ ስለሆነ እርጥብ ፍለጋ ነው። ውሃ ካቆረው ቦይ ውስጥ አረንጓዴ ሣር ነቅለው እየሮጡ መጥተው እኔ በምሄድበት በኩል ቀደሙኝና፣ ሣሩን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። በጋሞኛ ብዙ ለመኑ። ከዚያ ለእኔ ብለው በአማርኛ ደገሙት። «ልጆቼ፣ ጠመንጃ አንድ ናት። ሁለት ቦታ አትሄድም። እኔም ሁለት ቦታ አልሄድም። ታረቁልኝ።»

አርባ ምንጭ ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ በኋላ እሱን አልፎ መሄድ ጎሜ የሚባል እርም ነው፤ ጎሜ ደግሞ አጥፊውን ብቻ ሳይሆን ቤቱንና እርሻውን ይከተላል ይላሉ። ማቴዎስ የተናደደውን ያህል ተናዶ ባለበት ቆመ። እኔ ገና እየተራመድኩ ነበር።

«ይተዉት ጋሽ ዘለቀ» አለ ማቴዎስ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «እሱን ጎሜ አይይዘውም።»

ልክ ነበር። የጎጃም ሰው ልጅ አልፎ ቢሄድ ማንም አይፈርድበትም። መንገዱ ክፍት ነው። ያን ክፍት መንገድ ሳየው ግን የፈራሁት ጎሜውን አልነበረም፤ አልፌ ብሄድ የተናገረው ሁሉ እውነት እንደሚሆን ገባኝ። ሳይክሌን አስቀመጥኩና ከሽማግሌው ፊት ተንበረከክሁ።

«እኔንም ይይዘኛል» አልኩ።

ማቴዎስ መጥቶ አጠገቤ ተንበረከከ። ጋሽ ዘለቀ ሣሩን ለሁለት ከፍለው አስያዙን፣ መረቁን፣ ከዚያም አንሡኝ አሉ፤ ጉልበታቸው ጭቃው ውስጥ ተቀርቅሮ ኖሯል። ስናነሳቸው ሦስታችንም ወደቅን። ማቴዎስ ይቅርታ አላለኝም። ኮረብታው ድረስ የእኔን ሳይክል ከራሱ ጋር ደርቦ ተሸከመ።

ለእነዚያ ወጣቶች ይህን ሁሉ መንገድ ዳር ልነግራቸው አልችልም ነበር። ፈረንጆቹ በበጋ መጡ፣ ሜዳውንም ኮረብታውንም አሳየናቸው፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው። አባቴ ጡረታ ሲወጣ ከእናቴ ጋር አገሩ ገባ፣ እኔ ቀረሁ።

ባለፈው መስከረም ማቴዎስ ከጨንቻ ደወለልኝ። ሁለት የአጎቱ ልጆች በመሬት ወሰን ዱላ ሊማዘዙ ነውና ከሽማግሌዎቹ ጋር ና አለኝ። ሽማግሌ መባሌ አሳቀኝ፤ ሄድኩ። ጉም በወረደበት የእንሰት ጓሮ ውስጥ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከያዙት ሣር ከፍለው ሰጡኝና ከእነሱ ጋር ተንበረከክሁ። ታናሽየው ዱላውን ይዞ መጣ። አይቶኝ አያውቅም፤ እንግዳ መሆኔ ከመልኬም ከጋሞኛዬም ያስታውቃል፤ ሊያልፍ የመረጠው በእኔ በኩል ነበር። አጠገቤ ሲደርስ ፊቴን አየ፣ እጄን አየ። ቆመ።

በሚኒባስ ቁልቁል ስወርድ ሰው እንዳያየኝ ወደ መስኮቱ ዞሬ አለቀስኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የት አገር ሰው ነህ ለሚለኝ ሁሉ መልስ ሳማርጥ ኖሬአለሁ። ያን ቀን የማላውቀው ሰው ቆሞ መለሰልኝ።