የቅበላ ቅቤ በትራክተር ሆድ

በእኛ ተራራማ መንደር የጼንዚን መምጣት ከጆሮ ቀድሞ አፍንጫ ያውቀዋል። ትራክተሯ የሚሠራው ናፍጣ በተደባለቀበት የጎመን ዘር ዘይት ስለሆነ ያለፈችበት ሁሉ ድንች ጥብስ ድንች ጥብስ ይሸታል። ባሏ የሞተ ጊዜ ሰው ሁሉ «ላሞቹን ሸጠሽ ከተማ ውረጂ» አላት። እሷ ግን የየቤታችንን የመጥበሻ ትራፊ ዘይት እየሰበሰበችና እያጠለለች የመንደሩን መንገድ ከበረዶ መጥረግ ያዘች። ቤቷን ያቆመላት ይኸው ሥራ ነው።

የመንደሩ ሹም ኩዊሪን ግን ነገሩን ወዶት አያውቅም። «ወተታችንን የሚሰበስበው መኪና አንድ ቀን በበረዶ ምክንያት ከመንገድ ከተመለሰ ሥራውን ለሌላ እሰጣለሁ» ብሎ አስጠንቅቋት ነበር።

በቅበላ ማግስት፣ በእኛ አገር ጾም በሚገባበት ረቡዕ ጠዋት፣ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ጼንዚ በረዶውን እየገፋች እማማ ዋልቡርጋ ደጅ ስትደርስ ትራክተሩ ሁለቴ አስሎ ጸጥ አለ። ጎረቤት ነኝና አካፋዬን ይዤ ወጣሁ። ማጣሪያውን ስትከፍተው ነጭ ነገር ረግቶበታል። በጣቷ ነካ አድርጋ አሸተተችው።

«ቅቤ! ማነው ቅቤ የሰጠኝ?»

በእኛ አገር የቅበላ ቦምቦሊኖ የሚጠበሰው በንጥር ቅቤ ነው። ጼንዚም በየዓመቱ «የቅበላውን እንዳትሰጡኝ» እያለች ትለምናለች።

እማማ ዋልቡርጋ በሩን ከፍተው ብቅ አሉ። «እኔ ነኝ! ምን ላድርግ፣ ቦምቦሊኖ በዘይት ልጥበስ? አረመኔ ነኝ? ከዘይት የተሻለውን ሰጠሁሽ!»

«እማማ፣ ቅቤ እኮ በብርድ ይረጋል!»

«ለሰው የጣፈጠ ለሞተር ምን ይሆናል ብዬ?»

እኔማ ደሜ ፈልቶ አፌን ልከፍት ስል ጼንዚ «ተዋቸው፣ ውሃ አፍላልን» አለችኝ። እሷ ማጣሪያውን ስትቀይር እኔ በዘይት ቧንቧው ላይ የፈላ ውሃ አፈሰስኩ። እማማም ለጉልበታቸው ምድጃ ላይ የሚያሞቁትን፣ በደረቀ የቼሪ ዘር የተሞላ ከረጢት አምጥተው ሞተሩ ላይ እንደ ሕፃን አቀፉት።

ከታች የወተት መኪናው ጥሩምባ ተሰማ። ኩዊሪን እያለከለከ ደረሰ።

«አላልኩሽም? ዘይትሽ ረጋ አይደል?»

ጼንዚ አሮጊቷን አየት አድርጋ አቀረቀረች። «ብርዱ ነው» አለች። እንጀራዋ ሊሄድ ነው፣ ሰው ግን አታስወቅስም። አንጀቴን በላችው።

እማማ ዋልቡርጋን ሰማንያ ዓመት ሙሉ «አጥፍቻለሁ» ሲሉ የሰማ የለም። ከረጢቱን ሳይለቁ ቀና አሉ።

«ብርዱ አይደለም፤ የኔ ቅቤ ነው። አንተ ትናንት ስድስት ቦምቦሊኖ የዋጥክበት ቅቤ!»

«እና ዘይቱ አላጠፋም ነው የሚሉኝ?»

«ዘይቱማ ጿሚ ነው፤ ያስገደፍኩት እኔ ነኝ።»

ኩዊሪን ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አቃተው። ጼንዚ ለክፉ ቀን ንጹሕ ናፍጣ የምታስቀምጥበትን ትንሿን ታንክ ከፍታ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ አጉረመረመ፣ አቃሰተ፣ ተነሳ። እማማ እልል አሉ።

«በይ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ኩዊሪን በረዶውን ከኮቱ እያራገፈ። «ወተቱ እየጠበቀ ነው። ነገም በጊዜ ነይ፣ በረዶ ይጥላል ተብሏል።»

ጼንዚ ዓይኗን በጓንቷ ጠርጋ መሪውን ያዘች።