ፀሐይ የሚሻው ጠርሙስ

የዝናብ ውሃ የማጠራቅምበትን በርሜል ክዳን ባነሣሁ ቁጥር፣ ከውስጡ የሚወጣው የረጋ ውሃና የረጠበ አሸዋ ሽታ ወደ ልጅነቴ ከተማ ወደ መርሳ ይመልሰኛል፤ ከሽታው ቀጥሎም ጆሮዬ ሳላዘው ወደ ሰማይ ያዳምጣል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር፣ ችግኝ ጣቢያ ይሠራ የነበረው አባቴ ከአንድ ባለ ሱቅ ለምኖ ያመጣውን ትልቅ የከረሜላ ጠርሙስ ግቢያችን ውስጥ አስቀምጦ «ዘሃራ፣ ነይ ለዓሶች ቤት እንሥራ» ያለኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ትምህርት ቤት ገና አልገባሁም ነበር። ከወንዝ ያመጣነውን አሸዋ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ሰባት ጊዜ አጥቤ፣ ከሥር ጭቃ፣ ከላይ አሸዋውን አልብሰን የውሃ ሣር ተከልንበት። ዓሶቹን ያንኑ ቀን ለማስገባት ስቸኩል «መጀመሪያ ውሃው ይረፍ፤ ልስኑ ያልደረቀ ቤት ይገባል እንዴ?» ብሎ ሁለት ሳምንት አስጠበቀኝ።

መስከረም ሲጠባ፣ በወንፊት የያዝናቸውን ጣት የሚያካክሉ አራት ዓሶችና ጥቂት ቀንድ አውጣዎች ጨመርንበት። በቤታችን መብራት አልነበረም፤ ጠርሙሱም መብራት አላስፈለገውም። አባቴ እንደሚለው ሣሩ ፀሐይ እየበላ ለዓሶቹ አየር ይሰጣል፣ ዓሶቹ የሚጥሉት ለሣሩ ፍግ ይሆናል፣ ቀንድ አውጣዎቹ ደግሞ መስታወቱን እየላሱ ያጠራሉ። «እርስ በርሳቸው ይተዳደራሉ፤ አንቺ ፀሐይዋን ብቻ አትንፈጊያቸው» ይለኝ ነበር።

በጋው ሲገባ ጦርነቱ እኛ ዘንድ ደረሰ። የመንግሥት ሠራዊት ከተማችንን ለአማፂያኑ ለቆ ከወጣ በኋላ አውሮፕላኑ ለድብደባ መመላለስ ስለጀመረ፣ ሰዉ ጎሕ ሲቀድ ስንቁን ይዞ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ቦረቦር ውስጥ ተጠግቶ ይውልና ሲመሽ ይመለስ ነበር። የቆርቆሮ ጣሪያ በጭቃ ይለቀለቃል፣ ነጠላ በአፈር ውሃ ይነከራል፣ መስታወት ይደበቃል። ጎረቤታችን አያ ይመር፣ የድሮ ወታደር ነበሩና፣ የሚያብለጨልጭ ነገር እየዞሩ ሲፈትሹ ጠርሙሱን አዩት።

«ሰይድ» አሉት አባቴን፣ «ሰዉ ነጠላውን ጭቃ ሲያለብስ አንተ ለአውሮፕላን መስታወት ታበራለህ? አብራሪውን ግባ በለው እንጂ በስሙ ጠርተህ።»

«ይሸፈናል፣ አያ ይመር። አብሽሩ» አላቸው አባቴ።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው ጠርሙሱን በጆንያ ሸፍኜ እሄድ ነበር። ዐሥር ቀን ሳይሞላ ሣሩ ገርጥቶ፣ አንዱን ዓሣ በጀርባው ተንሳፍፎ አገኘሁት፤ የቀሩት ሦስቱ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ይዘጉ ነበር። አባቴ ጎንበስ ብሎ አይቶ «ሣሩም ፀሐይ ሲያጣ ያለችውን አየር ይሻማቸዋል» አለ። በማግሥቱ ሁሉም ወጥቶ በሩ ሊዘጋ ሲል ሻሼን ረሳሁ ብዬ ተመልሼ፣ ጆንያውን ገፍፌ ጠርሙሱን ግቢው መሐል ድንጋይ ላይ አስቀመጥሁና ሮጬ ደረስሁባቸው። ለአንድ ቀን ብቻ ነው ብዬ ነበር።

ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ከፍ ስትል፣ አያ ይመር ከቦረቦሩ አፋፍ ሆነው ወደ ከተማው እያዩ «ያ የሚያብለጨልጨው ምንድነው?» አሉ። ሁሉም አንገቱን አቀና። ወዲያው ያ የምናውቀው ድምፅ ከደቡብ ተሰማ። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ሲነሣ እናቴ ኮቱን ጨምድዳ ያዘችው፣ ኮቱ እጇ ላይ ቀረና እሱ ሮጠ።

ሰዉ በሆዱ ተኝቶ፣ እናቴ ፊቷን ኮቱ ውስጥ ቀብራ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ስትል፣ እኔ ብቻ ቀና ብዬ ያቺን ብልጭታ አያለሁ። አውሮፕላኑ አንድ ጊዜ ዞረ። ብልጭታዋ አለች። ሁለተኛ ሲዞር ድንገት ጠፋች፤ ጥቂት ቆይቶም ከወንዙ ማዶ ምድር ተንቀጠቀጠ፣ አቧራው ወጥቶ ከተማውን ከዓይናችን ጋረደው። እናቴ ኮቱን እያጠፈች ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች።

አባቴ በታጨደው የማሽላ ማሳ መሐል ሲመጣ ያየሁት አቧራው ከሰከነ በኋላ ነው፤ እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው፣ ጉልበቱ ይደማል። ሁሉም ሲያየው እኔ ቀድሜ «ዓሶቹስ?» አልሁት። ቁጭ ብሎ ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየና «ደህና ናቸው። ሰላም ብለውሻል» አለኝ። አያ ይመር «አይ ሰይድ፣ ልብህን የት ነው የምትሸምተው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እናቴ ለሦስት ቀን አላናገረችኝም።

ያን ዕለት ሲመሽ ስንመለስ፣ አባቴ የለቀለቀውን ጭቃ ከጠርሙሱ ላይ አጥቦ፣ ለችግኞቹ እንደሚሠራው ያለ ሳሳ ያለ የሣር ዳስ ሠራለት፤ ብርሃኑ ተበጣጥሶ ይገባል፣ ብልጭታ ግን አይወጣም። በልጉ ዘንቦ ሰማዩ በደመና ሲከደንልን፣ ሣሩ ለምልሞ ሦስቱም ዓሶች በመሐሉ ይሽሎከለኩ ነበር።

ዛሬ አባቴ ያኔ ከነበረበት ዕድሜ አልፌያለሁ። አባቴ ያን ዕለት የሮጠበትን መንገድ በልጅነቴ አጭር ነው እለው ነበር፤ አምና መርሳ ሄጄ ከቦረቦሩ እስከ ድሮ ግቢያችን ስሄደው ግን ሁለት ጊዜ ቆሜ ዐረፍሁ፤ ሰው የሚሸሸግበት አንድ ዛፍ እንኳ የለበትም። ልጆቼ ቆይተው ሲገቡ፣ መጀመሪያ ፊታቸውን፣ ቀጥዬ እጅ እግራቸውን አያለሁ፤ ስለ ሌላው የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው።