ግድግዳውን ብቻ የምታልፍ መምቻ

ማንዶሊን የሚጫወት ሰው ከሁሉ በላይ የሚጨቃጨቀው ከመምቻው ጋር ነው። ክሩ አንዴ ከተወጠረ ተወጥሯል፤ እንጨቱም እንደተሠራ ተሠርቷል። መምቻ ግን አመሏ ብዙ ነው። ስስ ከሆነች ትርገበገባለች፣ ከወፈረች ክሩን አንቃ ትይዛለች፣ ጫፏ ከሾለ ትናከሳለች፣ ላብ ሲነካት ደግሞ ከጣት ሾልካ አልጋ ሥር ትገባለች። ያሁን ልጆች «ፒክ» ይሏታል። እኔን ያስተማረኝ አጎቴ መምቻ ይላት ስለነበር እኔም መምቻ እላታለሁ። አንድ ሰሞን ይህች ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ነገር ያስጨነቀችኝን ያህል ሥራዬ እንኳ አስጨንቆኝ አያውቅም።

መካነ ሰላም የመጣሁት በሥራ ዝውውር ነው። መሬት እለካለሁ። ቀኑን ሙሉ በድንበር የተጣሉ ሁለት ገበሬዎች መሐል ቆሜ «ወዲህ ነው፣ ወዲያ ነው» ሲባባሉ እሰማለሁ፤ ማታ ግን የሚከራከረኝ እንኳ የለም። ደሴ ያደገ ሰው መካነ ሰላም ላይ ብቸኛ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ያው ወሎ ነው፣ ያው ሰው ነው፣ ሰላምታውም ያው ነው። ግን ሆንኩ። ባልደረቦቼ ባለትዳሮች ናቸው፤ ቢሮ ሲዘጋ ሁሉም ወደ ልጆቹ ይሮጣል። እኔ አላገባሁም፤ ለምን እንዳላገባሁ የሚጠይቀኝ ሰውም እየቀነሰ ሄዷል። ጉሙ ግቢውን ሲሞላው ገብቼ በሬን እዘጋና ማንዶሊኔን አነሳለሁ። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባላል፤ ብቻውን የሚጫወትንም ተሳሳትክ የሚለው የለም።

የተከራየሁት ክፍል ከባለቤቶቹ ቤት ጋር በአንድ ቆርቆሮ ሥር ነው። መሐል ያለው የጭቃ ግድግዳ ወፍራም ነው፤ ከላይ ያለው ኮርኒስ ግን የማዳበሪያ ከረጢት ስለሆነ ሳል ያሳልፋል፣ ሬዲዮ ያሳልፋል፣ የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ያሳልፋል። በዚያ ወገን ባልና ሚስት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል። ሰውየው ቁጥብ ናቸው። ደጃፍ ላይ ሲያዩኝ «ሰላም ዋልክ?» ከማለት አልፈው ብዙ አይናገሩም። ነሐሴ ላይ ታመሙ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እኔም እንደ ጎረቤት ሸኘኋቸው፣ ድንኳን ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥኩ፣ ሚስታቸውን «አላህ ሰብሩን ይስጥዎ እትዬ» አልኳቸው። ከዚያ ማንዶሊኑን በጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። ለቅሶ ቤት ክር አይመታም፤ ይህን የሚነግረኝ ሰው አላስፈለገኝም።

ድንኳኑ ሲነሳ እትዬ ኢዳ የሚባለውን የባል ሐዘን ተቀመጡ። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት አራት ወር ከምናምን ከቤቷ አትወጣም፣ አታጌጥም፣ ከባዕድ ወንድ ጋርም ቁጭ ብላ አትጫወትም። ስለዚህ በዚያ ግቢ ሁለት ሰዎች ቀረን፤ እሳቸው መውጣት አይችሉም፣ እኔ መግባት አልችልም። ጠዋት ስወጣ የተገርበበው በር አጠገብ ቆሜ «እንዴት አደሩ እትዬ?» እላለሁ። እሳቸውም ከውስጥ «አልሐምዱሊላህ፤ አንተስ ልጄ?» ይላሉ። ከሱቅ የሚፈልጉት ነገር ካለ ገዝቼ ደፉ ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ። ወሬያችን ይኸው ነበር።

ጥቅምት ሲገባ አልቻልኩም። ብርዱ ጠና፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ አይሠራም። እናቴን እንኳ ካገኘኋት የምነግራት አዲስ ነገር ጠፋኝ። አንድ ማታ ማንዶሊኑን አወረድኩት። የነበረችኝ መምቻ ጊዜው ካለፈበት የኤቲኤም ካርድ የቆረጥኳት ስስና ሹል ነገር ነበረች። ጥርት ያለ ድምፅ ታወጣለች፤ ችግሩ ድምፁ ግቢው በር ላይ እስካለው ሱቅ ድረስ ይሰማል። ደሴ ሄጄ ሌላ እንዳልገዛ መኪና የለም። ስለዚህ ከጫማ ሰፊው ዘንድ ቁራጭ ቆዳ ለመንኩና በመቀስ ክብ አድርጌ ቆረጥኳት። ቆዳ ክሩን አይመታውም፣ ይዳብሰዋል። ድምፁ ከደረቴ አልፎ አይሄድም። ለሟቹም ለራሴም የሚበቃ መላ ያገኘሁ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ያን ሰሞን ማታ ማታ እንዲሁ ስዳብስ ሰነበትኩ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሰላምታዬን ሳቀርብ እትዬ እንደ ወትሮው አልመለሱልኝም።

«ልጄ፣ ማታ ማታ ቤት አትገባም እንዴ?»

«ኧረ እገባለሁ እትዬ። እዚሁ ነኝ።»

«አሞህ ነው?»

«ደህና ነኝ።»

«መጀመሪያ መጀመሪያ ሰው ይመጣ ነበር፤ አሁን ሰዉም ወደ ሥራው ተመለሰ» አሉ። «ግድግዳውም አብሮ ዝም አለብኝ። አንተም ጥለኸኝ የሄድክ መሰለኝ እኮ።»

አፈርኩ። «ለቅሶ ነው ብዬ ነው እትዬ። ዘፈን…»

«ያረቢ! ዘፈን ማን አለህ?» ብለው ተቆጡ። «ዘፈን በዚህ ቤት፣ በዚህ ሰሞን? ሰው ምን ይለኛል? አላህስ ምን ይለኛል?» ቁጣቸው ብዙ አልቆየም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ብቻ ሳትጀምር በፊት፣ ክሩን ስታስማማ የምታሰማት አለች፤ አንዷን እየደጋገምክ። እሷማ ዘፈን አይደለችም» አሉኝ።

ማንዶሊን የሚያውቅ ሰው በዚህ ይስቃል። ክሮቹ ስምንት ናቸው፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚወጠሩት፤ የእያንዳንዱ ጥንድ ሁለቱ ክሮች ልክ እንደ አንድ ክር እስኪሰሙ ድረስ የክር መወጠሪያውን ጆሮ እየጠመዘዙ ማስማማት አለ። ደጋ ላይ ደግሞ ብርዱ ማታ እንጨቱን ስለሚያኮማትረው አንዱን ስታስማማ ሌላው ይፈታል። ቤተሰቤ «በቃህ!» የሚለኝ እዚህች ላይ ነበር። በዕድሜዬ ክር ሳስማማ መስማት የሚወድ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ይፈቀዳል አይፈቀድም ብዬ ሼህ ልጠይቅ አሰብኩና ተውኩት። ፍርዱን እትዬ ሰጥተውታል፤ መሬት ለኪ ምን አግብቶት ይግባኝ ይላል።

ችግሩ መምቻው ላይ ነበር። የቆዳዋ ግድግዳውን አታልፍም፤ የካርዷ ደግሞ ግድግዳውን አልፋ፣ ግቢውን አልፋ፣ በሩ ላይ ካለው ሱቅ ትገባለች። ባለሱቁ መልካም ሰው ነው፤ የሰማውን ሁሉ ለገዢው ሁሉ ይነግራል እንጂ ክፋት የለውም። «በለቅሶ ቤት ክር ይመታል» የሚል ወሬ ቢወጣ እኔን አይጎዳኝም። እኔ እንግዳ ነኝ፤ ነገ ተዛውሬ እሄዳለሁ። የሚወራው በእሳቸው ነው፤ የባሏ አፈር ሳይደርቅ ዘፈን ታስመታለች ይባላል። ስለዚህ የሚያስፈልገኝ አንዲት ግድግዳ ብቻ አልፋ የምትቆም መምቻ ነበረች። እንዲህ ያለች መምቻ የሚሸጥ ሱቅ ደሴም አዲስ አበባም ያለ አይመስለኝም።

በቢጫ ጀሪካን ጀመርኩ። ከጎኑ ቆርጬ ጫፏን ሹል አደረግኳት። በነጋታው እትዬ ከውስጥ፣ «ማታ የሰማሁት ጠቅ ጠቅ ብቻ ነው፤ ምስር የምትለቅም መሰልክ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስስ መምቻ በቀስታ ሲመቱባት ድምፁ ይቀርና የራሷ መንቋቋት ብቻ ይሄዳል። ካርዱን ሁለት አድርጌ በማጣበቂያ አጣበቅኩት፤ ወፈረ፤ ግን ጠርዙ ስለት ሆነ። በማግስቱ ባለሱቁ ስኳር እየመዘነልኝ፣ «አዲስ ሬዲዮ ገዛህ እንዴ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ባሉት ማታዎች ማንዶሊኑን አልነካሁም። በግድግዳው ወዲያ የእትዬን ሳል እየሰማሁ ቁጭ እላለሁ፤ እሳቸውም የእኔን ሳል ይሰማሉ። እንዲያ መቀመጥ ከብቸኝነትም ይብስ ነበር።

ገበያ ላይ ከበሬ ቀንድ ዋንጫና የቢላ እጀታ የሚሠሩ ሽማግሌ አሉ። እሳቸው ዘንድ ሄጄ መምቻ እንዲሠሩልኝ ጠየቅኩ። ውፍረቷ እንደ ብር ሳንቲም፣ ጫፏ ሹል ሳይሆን እንደ አውራ ጣት ዶልዶም ያለ እንዲሆን ነገርኳቸው። «አብሽር፣ ይሠራል» አሉ። በሚቀጥለው ገበያ ስሄድ በጣም ያማረች ጥቁር መምቻ ሠርተው፣ አናቷን በስተው፣ ክንድ የሚያህል ገመድ አስረውባት ጠበቁኝ። እሳቸው የሚያውቁት የክራር መምቻ ነው፤ የክራር መምቻ ደግሞ እንዳይጠፋ ከክራሩ ጋር ይታሰራል። «ይሄ እኮ ክራር አይደለም አባባ» ብላቸው፣ «ምንም ይሁን፣ ያልታሰረ ነገር ይጠፋል» ብለው ገመዱን ለመፍታት እምቢ አሉ። ቤት ስገባ እኔው ፈታሁት፤ ሲንጠለጠል እንጨቱን ጠቅ ጠቅ ያደርግ ነበራ። ቀዳዳው ግን ጠቀመኝ፤ የጣቴ ሥጋ ስለሚገባበት መምቻዋ አትሾልክም።

ጠርዟን አናጢዎች እንጨት በሚያለሰልሱበት ሻካራ ወረቀት ፈገፈግኳት፤ ሞከርኳት፣ ደግሞ ፈገፈግኳት። ብዙ ብፈገፍጋት ትሳሳለች፣ ጥቂት ብፈገፍጋት ትጮኻለች። ቀስ በቀስ የገባኝ ነገር ግድግዳ የሚያልፈው ወፍራሙ ድምፅ እንደሆነ ነው፤ ወደ መንገድ የሚሮጠው ቀጭኑ ነው። ስለዚህ ዝቅተኛዎቹን ጥንዶች በሰፊው ጎኗ ረጋ ብዬ መታሁ፤ ቀጫጭኖቹን ነካ ብቻ አደረግኳቸው። በማግስቱ ጠዋት የተገርበበው በር አጠገብ ቆምኩ።

«እንዴት አደሩ እትዬ?»

«አልሐምዱሊላህ። ትናንት ቤቱ ሰው ነበረው» አሉ።

በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ባለሱቁ ስለ ጤፍ ዋጋ አወራኝ፣ ስለ መንገዱ አወራኝ፣ ከአጅባር ስለመጣ ዘመዱ አወራኝ። ስለ ሬዲዮ ምንም አላለም። የማያስፈልገኝን ስኳር ገዝቼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ከመግሪብ በኋላ፣ እትዬ ሰግደው ሲጨርሱ፣ ክሬን አስማማለሁ። ከተስማማ ሆን ብዬ አንዱን ፈትቼ እንደገና እጀምራለሁ። አምባሰልም ባቲም የለም፤ ሁለት ክር አንድ እስኪሆን መምታት ብቻ። ብቸኝነቴ ለቀቀኝ አልልም። እራቴን ብቻዬን እበላለሁ፣ ብቻዬን እተኛለሁ። ግን በዚያች ሰዓት አንድ ሰው እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ፤ ማንም የሚጠብቀው ሰው ኖሮት ለማያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኢዳው ያለቀው መንገዱ በተከፈተ ሰሞን ነው። ከመስክ ስመለስ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሚኒባስ ቆሟል፤ ልጃቸው ከደሴ መጥታ ዕቃ ታስጭናለች። እትዬ ነጠላቸውን ተከናንበው ደጅ ቆመዋል። ከነሐሴ ወዲህ ፊታቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከድምፃቸው ከገመትኩት በላይ ከስተዋል። ልጃቸው ብቻቸውን አትተዋቸውም፣ ደሴ ልትወስዳቸው ነው።

«አላህ ይስጥህ ልጄ» አሉኝ። «አንድ ነገር ልንገርህ። ሰውየው ማታ ማታ አንተ ክሩን ስታስማማ ምን ይል እንደነበር ታውቃለህ?»

«አላውቅም እትዬ። ይቆጡ ነበር?»

«ምን ይቆጣል! ‹ይሄ ልጅ ዛሬም አልጀመረም› ይል ነበር። በየማታው፣ ያችኑ ቃል። እኔም በየማታው እስቃለሁ። ሌላ ቀልድ አያውቅም፤ እኔም ሌላ አልፈልግም።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉ። «እሱ ከሄደ ወዲህ እኔው እለዋለሁ። ክሩን ስሰማ ጮክ ብዬ ‹ይሄ ልጅ ዛሬም አልጀመረም› እላለሁ። አይ፣ እሱ እንደሚለው አይሆንልኝም።»

ልጃቸው ጠራቻቸውና ደግፌ ወደ መኪናው አስገባኋቸው። ጥሩ ሴት እንዲሰጠኝ ዱኣ አደረጉልኝ፤ መኪናው ሄደ።

ማታ ማንዶሊኑን አነሳሁ። አሁን የሚከለክለኝ ለቅሶ የለም፤ በፈለግኩት መምቻ፣ የፈለግኩትን ያህል ጮክ አድርጌ፣ የፈለግኩትን ዘፈን መጫወት እችል ነበር። ክሩን አስማማሁ። ከተስማማም በኋላ ወደ ግድግዳው ዞሬ ብዙ ቆየሁ። አልጀመርኩም።