ጥጤ የሰጠው ፍራሽ

ጥጤ የምንለው ፍራሽ ሰፊ ሱቁ ከእኔ ቁልፍ መቅረጫ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ቀኑን ሙሉ ጥጥ ሲያፍታታ ውሎ ሲወጣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው፤ «ዛሬ ደግሞ አረጀህ» እያልኩ እስቅበታለሁ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ ኧረ በጭራሽ። እናቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያያቸው። ወገባቸውን ስለሚያማቸው አዲስ ፍራሽ ሊሠራላቸው ብሎ፣ ምርጥ ምርጡን ጥጥ እየለየ በጆንያ ያጠራቅም ነበር።

የሰፈራችን ልብስ አጣቢ ቤቷ ተቃጥሎ ከልጆቿ ጋር ባዶ እጇን ስትቀር፣ ቄሱ እሑድ ከጸሎት በኋላ ሁሉም ከእጁ ሥራ እንዲያዋጣላት ለመኑ። ጥጤ ብድግ ብሎ «ፍራሹን ለእኔ ተዉት» አለ። ሱቁ ሲገባ ግን ጆንያውን አየና ሳሳ። ከላይና ከታች ስስ ጥጥ አነጠፈ፤ መሃሉን ከልብስ ሰፊዎች ጠርጎ ያመጣውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቀጠቀበት። ከተሰፋ በኋላ ማን ያውቃል? የሚያውቀው የሚተኛበት ጎን ብቻ ነው። ሳልጠይቀው «የእማዬ ጥጥ ነው፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። እኔ እንደሆን የሰጠኋት አልሸጥ ያለኝን የዛገ ጓጉንቸር ነው፣ ለዚያውም በር ለሌላት ሴት። ምን አፍ አለኝ?

ፍራሹን ሲያስረክብ ቄሱ በሰው ፊት መረቁት። ጆሮው እስኪቀላ አቀረቀረ። ሰው ትሕትና መሰለው።

በማግስቱ ከሰዓት አብረን ቤቱ ስንገባ እናቱ በዚያው ፍራሽ ላይ ጋደም ብለዋል። ለካ ልብስ አጣቢዋ የወገባቸውን ነገር ሰምታ፣ አንድ ሌሊት እንኳ ሳትተኛበት ተሸክማ አምጥታላቸው ኖሯል። አይሆንም ቢሏትም «እኛ ገና ጉልበት አለን፣ ምንጣፍ ይበቃናል» ብላ ትታው ሄደች።

ጥጤ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። እናቱ የፍራሹን ጠርዝ በመዳፋቸው ዳበሱ፤ ከዚያ ወገባቸው ሥር የጎረበጣቸውን ነካ ነካ አደረጉ።

«ልጄ፣ ስፌቱ የእጅህ ነው፣ አወቅኩት» አሉ ቀስ ብለው። «ውስጡ ግን የማን ነው?»

ጥጤ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ጥጡን ለእሳቸው ብሎ እንደሰሰተ፣ ሲመረቅ መሬት ብትውጠው ደስ ይለው እንደነበር፣ ሁሉን ተናገረ። እናቱ ግን አላባበሉትም።

«እኔን ሰበብ አታድርገኝ» አሉት። «ያን ጥጥ ለእሷ ክተትላት።»

ስፌቱን ተርትረን ቁርጥራጩን አወጣንና ጆንያውን አራገፍንበት፤ አንዲት ብናኝ አላስቀረም። የራሱን ፍራሽ ለእናቱ አነጠፈ። ቁርጥራጩን ግን ልጣለው ብል አልሰጥ አለኝ፤ ዛሬም የሚተኛው እሱ ላይ ነው።

አዲስ የተሞላውን ፍራሽ ሁለታችን ተሸክመን፣ ልብስ አጣቢዋ ወደተጠጋችበት ክፍል ወሰድን። እጇን ከአረፋው አውጥታ በቀሚሷ እየጠረገች እንባዋ መጣ።

«ወንድሜ፣ ሁለት ጊዜ ሰጠኸን እኮ» አለችው።

ጥጤ ፍራሹን ከትከሻው አላወረደም፣ ቀናም አላለም።

«አንድ ጊዜ ነው፣ እህቴ» አላት። «የዛሬውን ብቻ ያዢልኝ።»