ብረት አንሶሻል

የደም ዓይነቴ ኦ ነው። ለሁሉም ይሆናል ይባላል። ለባለቤቱ እንደማይሆን ያወቅሁት በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ አማርኛ ሳስተምር ነው።

የመጀመሪያውን በደስታ ሰጠሁ። ታናሽ ወንድሜ ግንባር ነበርና፣ የኔ ደም ለአንዱ ቁስለኛ ከደረሰ የሌላ ሰው ደም ደግሞ ለሱ ይደርሳል ብዬ አሰብኩ። አሁንም ያንን ቀን አልጸጸትበትም። ስሜ ግን ከዚያ በኋላ ከዝርዝሩ አልወጣም። ደም ቀጂዎቹ በመጡ ቁጥር የትምህርት ቤታችን ካድሬ «ደማቸውን በፈቃዳቸው የሚለግሱ ጓዶች» የሚል ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ የመጀመሪያዋ ጓድ እኔ ነኝ። ፈቃዴን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አንድ ብርጭቆ ሻይ፣ ሁለት ብስኩት፣ ጭብጨባ፣ ከዚያ ወደ ክፍል።

በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ቀዱኝ። ከአራተኛው በኋላ ከገበያው ወደ ትምህርት ቤቱ ያለችውን አጭር ዳገት ሁለት ቦታ አርፌ መውጣት ጀመርኩ። ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል፣ ልቤ ተቀምጬም ይመታል። ከሁሉ ያሳፈረኝ ግን ጠመኔው ነው። ጠመኔ አማረኝ። ሰሌዳው ላይ ጽፌ ስጨርስ ቁራጩን አፌ ውስጥ እከታለሁ፣ ጀርባዬን ለክፍሉ ሰጥቼ ቀስ ብዬ አኝካለሁ። ጠመኔው በመጻፍ ብቻ እንደማያልቅ ተማሪዎቼ ያውቁ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ግን ዝም ብዬ ነቀዝኩ።

እናቴ ከገጠር፣ ከፎንቆ፣ ልትጠይቀኝ መጥታ ፊቴን ስታይ የያዘችውን ቆጮ እንኳ ሳታስቀምጥ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ሽማግሌው ጤና ረዳት የታችኛውን የዓይኔን ቆብ በአውራ ጣቱ ገለበጠው። ቀይ መሆን ሲገባው ነጥቷል። ስንት ጊዜ ደም እንደሰጠሁ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ብረት አንሶሻል» አለኝ።

የደሙ ውሃ በቀናት ይመለሳል፣ ብረቱ ግን ወራት ይፈልጋል፤ እነሱ ሳይተካልሽ ነው መልሰው የሚቀዱሽ፣ ሴት ደግሞ በየወሩም ይፈሳታል፣ ብረት ያነሰው ሰው አፈርና ጠመኔ ያምረዋል እያለ አስረዳኝ። ኪኒን ሰጠኝ፣ በሻይ እንዳልውጠው አስጠነቀቀኝ፣ ስድስት ወር ደም እንዳልሰጥም ጽፎ ማኅተም መታበት።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መንገዱን ሁሉ እጄን አጥብቃ ይዛኝ ሄደች። ቤት ገብተን በሩን ከዘጋች በኋላ በሀዲይኛ፣ በሹክሹክታ፣ የት ደበቅሽው አለችኝ። ምኑን ብላት፣ ብረቱን አለች።

የእናቴ አማርኛ ገበያ ውስጥ የተለቃቀመ ነው። «አንሶሻል» ያለውን «አንስተሻል» ብላ ሰምታዋለች። ያን ጊዜ ብረት አነሣ የሚባለው ጠመንጃ ይዞ ጫካ የገባ ሰው ነበር፤ እንዲህ የተባለ ሰው ቤተሰቡም አይተርፍም። ያን ሁሉ መንገድ ልጄ ሸፍታለች ብላ አጠገቤ ተራምዳለች፤ እጄን ግን አልለቀቀችም።

ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ከዚያ እውነቱን አስረዳኋት። እሷ አልሳቀችም። ደምሽንም በውስጡ ያለውን ብረትም ወስደው ነው የሚያጨበጭቡልሽ ብላ ጠየቀችኝ።

«ልጄ፣ ብታነሺው ይሻልሽ ነበር» አለች።

በሳምንቱ ካድሬው ስብሰባ ጠርቶ ዝርዝሩን ማንበብ ጀመረ። አሁንም መጀመሪያ የተጠራው የኔ ስም ነው። ተነሣሁ። ወንበር ወንበር እየያዝኩ ወደ ፊት ወጣሁ። የጤና ረዳቱን ወረቀት ሰጠሁት። አነበበውና የአብዮተኛ ደም አይነጥፍም አለ፤ የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ። ቀጥሎ ወንድሜን አነሣብኝ፤ እሱ ግንባር ላይ ደሙን ሲያፈስ እኔ በኪኒን እንደማመካኝ ለተሰበሰበው ሰው ተናገረ። ያ አቃጠለኝ። ለወንድሜ የሚያስፈልገው ደም ነው፣ እኔ ዘንድ የቀረው ውሃ ነው አልኩት። ከዚያ ዝርዝሩን ከእጁ ወሰድኩ።

«ጓድ፣ እዚህ ላይ ‹በፈቃዳቸው› ይላል። እኔ አልፈቀድኩም። የአማርኛ መምህርት ነኝ፤ ስህተት አይቼ አላልፍም።»

በቀይ እስክሪብቶዬ ስሜን ሰረዝኩት። ካድሬው ይህ ምን እንደሚያስከትል ታውቂያለሽ ወይ አለኝ። አውቃለሁ፣ የጠመኔን ጣዕምም አውቃለሁ አልኩት። የመጨረሻው አልገባውም፤ ከኋላ የተቀመጡ መምህራን ግን ገባቸው መሰለኝ አቀረቀሩ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቦኖሻ ወደሚባል ገጠር ተዛወርኩ። ቅጣት መሆኑ ነው። እኔ ግን ኪኒኔን በውሃ ዋጥኩ፣ ጉበትና ጎመን በላሁ፣ በጠመኔም ጻፍኩበት እንጂ አልበላሁትም። ማንም መጥቶ ክንዴን አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝም መልሱን ለምጄዋለሁ።

ከወራት በኋላ እናቴ መጣች። ገና ሳትቀመጥ ወደ በሩ ብርሃን አዞረችኝና የዓይኔን ቆብ ልክ እንደ ጤና ረዳቱ በአውራ ጣቷ ገለበጠችው። ቆይታ አየችው። ከዚያ በሀዲይኛ ሳይሆን በአማርኛ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «አሁን ብረት አንስተሻል» አለች።

አላረምኳትም።