መንገድ የሌላት ተሳፋሪ

ባለፈው ቅዳሜ ጅማ ልሄድ ቦንጋ መናኸሪያ ገባሁ። ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ሰው፣ ሞላ» እያለ ይጠራል። ያ አንድ ሰው እኔ ሆንኩና ገብቼ ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሳ አጠገቤ የነበረው ጎልማሳ ኪሱን ዳበስ ዳበስ አደረገና «መታወቂያዬን ረስቼ» ብሎ ወረደ። ከኋላ ሁለት ሴቶች ተከተሉት። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ። መኪናው ግማሹ ባዶ ቀረ። ሌላው ተሳፋሪ ሲያጉረመርም እኔ መስኮቱን እያየሁ ብቻዬን እስቃለሁ። የድሮ የሥራ ባልደረቦቼን ያገኘሁ ያህል ነበር።

አዎ፣ አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ እኔም ማሟያ ነበርኩ።

ለማያውቅ ላስረዳ። ባዶ መኪና ውስጥ ቀድሞ መግባት የሚፈልግ ሰው የለም። ሁሉም የሚፈልገው የመጨረሻው ሰው መሆን ነው። ታዲያ ሁሉም የመጨረሻ ከሆነ የመጀመሪያው ከየት ይምጣ? ስለዚህ ረዳቱ በአካባቢው ያለውን ሥራ ፈት ሁሉ አስገብቶ መኪናውን የሞላ ያስመስለዋል። እውነተኛው መንገደኛ ሲመጣ ማሟያው አንድ በአንድ ይወርዳል። የሚገርመኝ፣ ይህን የማያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ገብቶ ይቀመጣል። ወራጁ ደግሞ ዝም ብሎ አይወርድም። ማንም ሳይጠይቀው ምክንያት ይሰጣል።

እማዬ መናኸሪያው በር ላይ ሻይና ቦንቦሊኖ ትሸጥ ነበር። ክረምት ስለነበር ትምህርት ተዘግቷል፤ ዝናቡም እንደ ካፋ ዝናብ ነው፣ ጠዋት ጀምሮ ማታ እንኳ መጨረሱን የሚረሳ። ታሪኩ የሚባለው ረዳት «ነይ እስቲ አንዴ ተቀመጪልኝ» ሲለኝ እጄን በቀሚሴ ጠርጌ እሮጥ ነበር። ከቦንጋ ርቄ ሄጄ አላውቅም። ማሟያ ከሆንኩ ወዲህ ግን በሳምንት ውስጥ ሚዛን፣ ደካ፣ ጅማ በሚሄድ መኪና ሁሉ ተቀምጫለሁ። የመስኮቱን ጉም በጣቴ እየጠረግኩ፣ የእርጥብ ጃኬትና የበሰለ ሙዝ ሽታ እየሸተተኝ፣ የምሄድበትን ቤት ሁሉ በሐሳቤ እሠራው ነበር። መውረጃ ምክንያቴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሆዴን ይዤ «አመመኝ» ማለት።

አንድ ቀን፣ ገበያ ያልነበረ ዕለት፣ ወደ ሺሺንዳ ከተማ የሚሄደው መኪና በማሟያ ጢም ብሎ ሳለ አንድ አዛውንት መጡ። አባባ ገብሬ ይባላሉ። ነጭ ጋቢያቸው ጭቃ እንዳይነካው እስከ ትከሻቸው ሰብስበውታል። አጠገቤ ተቀመጡና ትንሽ ቆይተው አወሩኝ። ለእህታቸው ልጅ ሚስት ሊጠይቁለት ነው የሚሄዱት። አብረዋቸው የሚሸመግሉት ሁለት ጓደኞቻቸው ትናንት ሄደው የልጅቷ አባት ደጅ እየጠበቁ ናቸው።

«ያለ እኔ አይገቡም፤ ትልቁ እኔ ነኝ» አሉኝ። «ቀጠሮው ሦስት ሰዓት ነው። ነገ ደግሞ ሌላ ሽማግሌ ይመጣባቸዋል አሉ። ዛሬ ካልሆነ ልጁ ቀረ ማለት ነው።»

ይህን እያወሩ አንድ አይሱዙ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «አባባ፣ ሺሺንዳ ከሆኑ ይምጡ፣ ጋቢና ቦታ አለኝ» አላቸው። ታሪኩ «ምን ቸገራቸው፣ ይሄ ሞልቷል፣ አሁን ወጪ ነው» ብሎ መለሰለት። አባባ ገብሬ ወደ ታሪኩ አላዩም። ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንቺም ሺሺንዳ ነሽ?»

«አዎ አባባ። አክስቴ ጋ።»

ሺሺንዳ አክስት የለኝም።

«እንግዲያ ከልጅ ጋር ብሄድ ይሻለኛል» አሉና አይሱዙውን በእጃቸው አሰናበቱት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ገምታችኋል። ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። ቆሎ ሻጯ ብርቄ «ዣንጥላዬን» ብላ ወረደች። አንዱ ስልክ ሳይጮህ «ሃሎ» እያለ ወረደ። ስድስት ሰው፣ ስምንት ሰው፣ አሥር ሰው። የቀረነው አምስት ነበርን። አባባ ገብሬ እያንዳንዱን በዓይናቸው ይሸኛሉ። ከዚያ እንደገና አዩኝ፣ «አንቺ ግን አለሽ» እንደማለት።

«አመመኝ» ልል እጄን ሆዴ ላይ አደረግሁ። ብወርድ ውሸታም መሆኔን ያውቃሉ። ብቀመጥ እማዬ ትገርፈኛለች። ግርፊያው ቀለለኝ።

መኪናው እስኪሞላ ከረፋዱ አምስት ሰዓት አለፈ። ስንወጣ ብርቄ «ኧረ ልጅሽ ሄደች» ብላ ስትጠራት፣ እማዬ ከነሻይ ብርጭቆዋ ቆማ ስታየኝ ትዝ ይለኛል።  

በመንገዱ ጫካው ከግራ ከቀኝ ይንጠባጠባል። በሌላ ቀን ቢሆን ዓይኔን አልነቅልም ነበር።  አባባ ገብሬ ሲናደዱ ለራሳቸው በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነው የሚያወሩት፤ እኔም ቋንቋውን እሰማለሁ፣ ግን ያልሰማሁ መሰልኩ።

ሺሺንዳ ስንደርስ «አክስትሽ የታለች?» አሉኝ። እኔም ከኋላ ከኋላቸው ተከተልኳቸው።

ሁለቱ ሽማግሌዎች አጥሩ ሥር ጋቢያቸው ረጥቦ ቆመዋል። የልጅቷ አባት አቶ አስፋው በረንዳቸው ላይ ናቸው። በወጉ ሽማግሌ «ተቀመጡ» ካላሉት አይቀመጥም፤ እሳቸውም ተቀመጡ አላሉም።

«ለቀጠሮ ያልደረሰ ለትዳር ይደርሳል?» አሉ።

«መኪናው ሞልቶ ነበር» አሉ አባባ ገብሬ።

«ከሞላ ለምን አልሄደም?»

«ሞልቶ… ኋላ ደግሞ ባዶ ሆነ።»

አቶ አስፋው ፈገግ አላሉም። «ጋሼ፣ እኔ ልጄን የምሰጠው የሰከነ ነገር ለሚናገር ነው። በሉ በደህና ግቡ።»

አባባ ገብሬ አንገታቸውን ደፉ። እንዲያ ያለ ትልቅ ሰው አንገቱን ሲደፋ አይቼ አላውቅም ነበር። እግሬ ራሱ ወደ ፊት ወሰደኝ።

«እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው» አልኩ። «እኔ መንገደኛ አይደለሁም። መኪናው የሞላ እንዲመስል ነው የተቀመጥኩት። አይሱዙ አግኝተው ነበር፤ እኔ እሄዳለሁ ስላልኳቸው ተዉት። አክስትም የለኝም።»

 ከዚያ ከበሩ ኋላ የሴት ሳቅ ተሰማ። የልጅቷ እናት ብቅ አሉ።

«አስፋው፣ እቺማ እውነቷን ነው። ያለፈው ማክሰኞ እስከ ቀትር ቦንጋ ቆመሽ ምን ሠራሽ ብለህ የተቆጣኸኝን አስታወስክ? ይህቺው ናት አጠገቤ የተቀመጠችው። ሰማያዊ ሹራቧን አልረሳውም። ሞተሩ ሲነሳ ሆዴን ብላ ወረደች፣ እኔ ደግሞ አዝኜላት ሎሚ ሰጠኋት።»

እውነት ነው፣ ሎሚውን በልቼዋለሁ።

አቶ አስፋው ሚስታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የረጠቡትን ጋቢዎች አዩ። ከዚያ «ተቀመጡ» አሉ። ቃሏ አጭር ናት፤ የአባባ ገብሬ ትከሻ ግን ወዲያው ሲላላ አየሁ። እኔንም አስቀመጡኝ። ቆጮ በጎመን፣ ቀጥሎ ነጭ ማር ቀረበ። ከሁሉም በላይ እኔ በላሁ።

አመሻሹ ላይ ከአባባ ገብሬ ጋር ቦንጋ ተመለስኩ። እማዬ አልገረፈችኝም። ሦስት ቀን አላናገረችኝም፤ ግርፊያውን ለምኜ ነበር።

ረዳቱ ታሪኩ ከዚያ ወዲያ ብዙ ጠራኝ። እኔ ግን ወንበሩ ላይ ስቀመጥ የሚጠብቀኝ ሰው ያለ እየመሰለኝ አልተመቸኝም። ዛሬም ቢሆን በማሟያ አልፈርድም። አንድ ሰው ቀድሞ ካልተቀመጠ ከዚህ ከተማ ማን ይወጣል? ብቻ የማይሄድ ሰው ዝም ብሎ ቢቀመጥ ነው የሚሻለው፤ ሲጠየቅ እሄዳለሁ እስካላለ ድረስ ማንንም አያስቀርም።

ያን ዕለት የተጠየቀችው ልጅና ባሏ ዛሬ ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ሺሺንዳ ላይ ሱቅ ከፍተዋል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር «ሽማግሌዋ መጣች» ብለው ወንበር ያወጡልኛል። ጓደኞቼ ገና ሊፕስቲክ ለመቀባት እናታቸውን እያስፈቀዱ ነው፣ እኔ አንድ ትዳር አስይዣለሁ። ባሏ ያናደዳት ቀን ደግሞ ሚስትየው ወደ እኔ ዞር ትልና «አንቺ፣ ያን ዕለት ምን ነበር ዝም ብትይ» ትለኛለች፣ በትልቁ ጭልፋ ማር እየቀዳችልኝ።