ስምንት ጥያቄ፣ አምስት ስህተት

የአራተኛ ክፍሏን መምህርት ልጆቹ «እትዬ ረጅሙ» ይሏታል። ራሷ ግን አጭር ናት፤ ሰሌዳው ጫፍ ላይ ቀን ለመጻፍ ወንበር ላይ ትወጣለች። ስሙ የወጣላት በምክሯ ነው። ትምህርት ቤቶች ሁሉ በዓመት ሁለቴ የሚፈተኑት አንብቦ የመረዳት ፈተና ሲደርስ፣ «ካልገባችሁ አትጨነቁ፣ ከአራቱ ምርጫ ረጅሙን አክብቡ። ሰው ለውሸት ያን ያህል ቀለም አያባክንም» ትላቸው ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠራላት።

በሃያኛው ዓመት ፈተና አውጪዎቹ ነቁ። በመጀመሪያው መንፈቅ ረጃጅሞቹን መልሶች በሙሉ ስህተት አደረጓቸው። ከአርባ ሦስት ተማሪ አርባው እንደ አንድ ሰው ወደቀ።

ርዕሰ መምህሩ በዕድሜ ያንሳታል፤ ክራቫቱ ግን ሁለቱንም ይበልጣል። ቢሮው አስጠራት።

«እትዬ፣ አርባ ልጅ ተማክሮም እንዲህ አይሳሳትም!»

«ፈተናው ነው የተበላሸው።»

«እስቲ እርስዎ ይሥሩትና እንየው።»

እልህ ያዛት። ወረቀቱን ከነመልሱ ቤት ወስዳ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ምንባቡ ቀፎውን ከቦታ ቦታ ስላዛወረ ንብ አናቢ ነው። አባቷ ንብ ያነቡ ስለነበር፣ ከላይ ከላዩ አየት አድርጋ ስምንቱንም ጥያቄ በአምስት ደቂቃ ጨረሰች። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ባሏ ከመልሱ ጋር አመሳከረና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«አምስት ስህተት! እንኳን ልጆቹ አንቺም ወድቀሻል።»

«ቀፎ የሚዛወረው በጉንዳን ምክንያት ነው! አባቴ ሁሌ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው!»

«ታዲያ ስለ አባትሽ ማን ጠየቀሽ? እዚህ እኮ ‘ጎረቤቱ ስለተነደፈ’ ይላል።»

እሷም ወረቀቱን ነጥቃ ምንባቡን ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመረች። አለመከራከሯ ባሏን አስደነገጠው።

በማግስቱ ክፍል ገብታ፣ «ልጆች፣ ከስምንት አምስት ተሳስቻለሁ» አለች። ክፍሉ በደስታ ሊፈርስ ደረሰ። ካለፉት ሦስት ልጆች አንዷ፣ የሰዓት ሠሪው ልጅ፣ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እኔ መጀመሪያ ጥያቄውን ነው የማነበው። ከዚያ አባቴ የወደቀች ብሎን እንደሚፈልገው፣ መስመር በመስመር በጣቴ እሄዳለሁ።»

«ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪን?»

«እርስዎ ረጅሙን አክብቡ ሲሉ ምን ልበል?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ መልሱ ያለበትን መስመር በጣቱ ሳያሳይ ማክበብ ክልክል ሆነ። አንድ አንቀጽ ባለቀ ቁጥር ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ ወረቀቱን ገልብጦ፣ ያነበበውን ለጎኑ ልጅ በራሱ አነጋገር ይነግረዋል። ጫጫታው መንገድ ላይ ይሰማል። አንድ ቀን ከወረዳ የመጣ ሱፐርቫይዘር በሩን በርግዶ፣ «ምን እየሠራችሁ ነው?» ቢል፣ ከፊት የተቀመጠች ልጅ «ሐሜት!» አለችው። ሰውዬው በማስታወሻው አንድ ነገር ጽፎ ወጣ፤ ምን እንደጻፈ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ዓመቱ ሲያልቅ ሃያ ዘጠኝ ልጆች አለፉ። ርዕሰ መምህሩ በስብሰባ ላይ «የቅርብ ክትትሌ ውጤት ነው» ብሎ ተናገረ። መምህርቷም ከሰው ሁሉ አስበልጣ አጨበጨበችለት፤ ሥራ የፈታ ሰው አጨብጫቢ ያስፈልገዋል ብላ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት የወደቁትን አሥራ አራት ልጆች ሰብስባ፣ እሷም አባቷም ስለማያውቋት አንዲት ባቡር የተጻፈ ምንባብ አደለቻቸው።